መኪና ያለው እግረኛ

እኔ ወሬ አልወድም፤ ግን ሶማሌ ተራ ጥግ የሚቀመጠውን ሰውዬ ሳላነሳው አላልፍም። ኮቱ ክርኑ ላይ አልቋል፤ ጣቱ ላይ ግን የመኪና ቁልፍ ያሽከረክራል። ሱቁን ሸጦ ያስመጣው ሚኒባስ ጉምሩክ ከተያዘ ዓመት አለፈው። "ደረሰኝህ ላይ ያለው ዋጋ አንሷል፣ እንደገና ይገመት" አሉት አሉ። ይኸው እስካሁን እየገመቱ ነው። እሱ የወንበር ልብሱን ቀድሞ አሰፍቶ፣ ከነላስቲኩ ብብቱ ስር ይዞት ይዞራል።

"ጋሼ፣ መኪናዋ አልወጣችም?" ትለዋለች ባለሱቋ ሱሀይር፣ ሳቋን እየዋጠች።

"ነገ ትወጣለች።"

ትናንት ዝናቡ ሲወርድበት አንድ የታክሲ ረዳት አዘነለት። "ጋሼ፣ ይግቡ፣ በሰበሱ እኮ።"

"የራሴ አለኝ" አለና፣ የወንበር ልብሱን ራሱ ላይ ደፍቶ በእግሩ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሄደ።