ምክንያት የሚለው ሳጥን

ዳኛ ላይ መጮህ የተማርኩት አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ካታንጋ ውስጥ ነው። አባቴ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ድምፁ የማይሰማ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ኳስ ባለበት ቀን ግን ከዚያ ከርካሹ መቀመጫ ብድግ ብሎ «ዳኛው ሌባ!» ሲል የአንገቱ ሥር ይገተራል። እኔም አጠገቡ ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እጮሃለሁ። ቤት ስንገባ እናቴ «ሴት ልጅ ወስደህ ምን አስተምረህ አመጣሃት?» ስትለው፣ «ያየችውን መናገር» ይላት ነበር። ያ ትምህርት ከአርባ ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ያስፈልገኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ስትሪትሃም ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ተንከባካቢ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ የኔ ሺፍት ነው። ከምንከባከባቸው አንዱ ሜልቦርን ተወልደው ያደጉ፣ ለንደን ከመጡ ወዲህ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ኤሌክትሪክ ሲዘረጉ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ። ስሜን ሦስት ዓመት ሙሉ ብነግራቸው አልያዙትም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን የአገራቸው እግር ኳስ አለ። እዚያ ሲመሽ የሚጀመረው ጨዋታ እዚህ ከቁርስ በኋላ ይደርሳል፤ ልጃቸው በሳሎኑ ትልቅ ቴሌቪዥን እንዲያዩት አመቻችቶላቸዋል። ያኔ ሌላ ሰው ይሆናሉ።

መጀመሪያ ሳየው ጠብ መሰለኝ። ኳሷ እንደ ሎሚ ሞላላ ናት፤ ሜዳውም ሞላላ ነው። በእጅም ይመቷታል በእግርም፤ ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም። አንዱ የተመታችውን ኳስ ከአየር ላይ ከቀለባት ማንም ሳይነካው ተረጋግቶ ይመታል። ተጋጣሚው ደግሞ ኳሷ የተቀለበችበት ቦታ ላይ ቆሞ ሊያስቸግረው ይሞክራል። ይኸው ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ከእሳቸው ጋር አብሬ መናደድ ጀመርኩ።

የሚያናድደው ነገር ደግሞ ሞልቷል። ድሮ ያ ቦታው ላይ የቆመው ተከላካይ ግራ ቀኝ እያለ፣ እጁን እያወናጨፈ መቺውን ያምሰው ነበር። አሁን ዳኛው «ቁም!» ይለዋል። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ካለ ኳሷ ሃምሳ ሜትር ወደ ጎሉ ትጠጋበታለች። ለአንድ እርምጃ ሃምሳ ሜትር! እኔ ልጅ ሆኜ ባንዲራ ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር፤ እዚያ ቢያንስ ባንዲራ አለ። እዚህ የሚያስቆመው ፊሽካ የያዘ ጎረምሳ ነው። ጨዋታ ሲጀመር ኳሷን መሬት ላይ ማንጠርንም አስቀርተው አሁን ዳኛው ወደ ላይ ወርወር ያደርጋታል። አዛውንቱ ይህን ባዩ ቁጥር «የሚቀጥለው ምንድን ነው? ኳሷንም ሊያስቀሯት ነው?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንዱን ሕግ ሳንለምደው ሌላ ያመጡብናል።

ታዲያ አዛውንቱ ይጮሃሉ። እዚህ ቤት ደግሞ የሚጮህ ሰው ቻርት ይከፈትለታል። ወረቀቱ ሦስት ሳጥን አለው፤ ምን አደረገ፣ ምክንያቱ ምን ነበር፣ ምን ተደረገለት። አንድ ሐሙስ ሰው ተክቼ ገብቼ ገልጬ ሳየው፣ ሌሎቹ ተንከባካቢዎች በየቅዳሜው የጻፉት አንድ ዓይነት ነው። «ጮኸ። ተቆጣ። የሌለ ሕግ ያወራል።» ምክንያት የሚለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ «የለም» ይላል። በየሳምንቱ፣ የለም። ደሜ ፈላ።

ወረቀቱን ይዤ ስገባ ኃላፊዋ ነርስ ከጽሕፈት ጠረጴዛዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ሰኞ ዶክተሩ ይመጣል» አለችኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያረጋጋ ክኒን እንዲያዝላቸው ልጠይቀው ነው። የዚህን ሳምንት እኔው ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

ያንን ክኒን አውቀዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሚያስፈልገው ሰው ይኖር ይሆናል። ግን መስኮቱ ሥር የሚቀመጡት ሴትዮ እሱን ከጀመሩ ወዲህ ማንኪያቸውን እንደያዙ ያንቀላፋሉ፤ ቅዳሜና ማክሰኞ አንድ ሆኖባቸዋል። አዛውንቱ በሳምንት ውስጥ ያለቻቸው አንድ ጠዋት ናት። እሷንም ሊወስዱባቸው ነው።

«የሚያወሩት ሕግ እኮ ነበረ» አልኳት። «የሻሩት ሌሎች ናቸው። እሳቸው ምንም አልተምታታባቸውም።»

«ያንቺ ሥራ ያየሽውን መጻፍ ነው።»

«ያየሁትን ከጻፍኩማ ምክንያት አለ።»

አብራኝ የምትሠራ፣ እዚሁ ለንደን የተወለደች የኛው ልጅ አለች። ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጎተተችኝ። «አንቲ፣ ፕሊስ፣ ሪፖርት ያደርጉሻል» አለችኝ። «ጀስት ዝም በይ፣ ኦኬ? ኢትስ ኦንሊ ፉትቦል።»

«ዝም ካልኩ ክኒኑን ለኔም ስጪኝ» አልኳት።

ቅዳሜ ደረሰ። ነርሷ ቻርቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ተቀመጠች። አዛውንቱ ግን ወሬው ደርሷቸዋል፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ፀጉራቸውን አበጥረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። ዳኛው የመጀመሪያውን ሃምሳ ሜትር ሲሰጥ ነርሷን በዓይናቸው ጠርዝ አይተው ምራቃቸውን ዋጡ። ሁለተኛውን ሲሰጥ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። እሳቸውም ልክ እንደዚያ ተከላካይ ቁም ተብለው ነበር፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢሉ ምን እንደሚቀጡ ያውቃሉ። እንዲህ ሆነው ሳያቸው ሰውየው ሳይውጡት ክኒኑ የሠራ መሰለኝ።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ቡድናቸው በትንሽ ነጥብ ይበልጣል። ሜዳው ዝናብ ስለመታው ያዳልጣል። የኛው ተከላካይ ቁም በተባለበት ቆሞ ሳለ አንድ እግሩ ሸርተት አለ፤ ሸርተት፣ በቃ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ሃምሳ ሜትር! መቺው ሄዶ ጎሉ አፍ ላይ ቆመ።

እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ነበር። እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም፤ ግማሹ ሻይ ምንጣፉ ላይ ፈሷል። የማስታውሰው ድምፄን ነው። «ሌባ! ዳኛው ሌባ! አዳልጦት እኮ ነው! ዓይንህን የት ጥለኸው መጣህ?» በአማርኛ፣ በካታንጋ ድምፅ። መስኮቱ ሥር ያሉት ሴትዮ እንኳን ከእንቅልፋቸው ነቁ። አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ከዚያ አዛውንቱ መደገፊያቸውን ጨብጠው ተነሱ። «አዳልጦት ነው!» ብለው ጮኹ። ያልኩትን በእንግሊዝኛ የደገሙልኝ ነው የሚመስለው። ወደ ነርሷ ዞሩና ከፊታቸው ያለውን ስኒ አነሱ። ይህ መቺው፣ ያ የስኳር ዕቃ ተከላካዩ፤ ድሮ እንዲህ መንቀሳቀስ ይችል ነበር፤ መጀመሪያ ይህን ቀየሩ፣ ቀጥሎ ያንን፣ ከዚያ ይኸኛውን። አንዱንም ሳያዘበራርቁ በተራ በተራ ዘረዘሩላት።

ነርሷ እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸው። «ዛሬ ቁርስ ምን በሉ?» አለቻቸው በመጨረሻ።

«ቁርስ በልቻለሁ እንዴ?» አሉ።

እስክሪብቶዋ ምክንያት የሚለው ሳጥን ላይ ቆመ። ጠጋ አልኩና «ጻፊ» አልኳት። «ዳኛው ያለ አግባብ ሃምሳ ሜትር ሰጠ። ቀድማ የጮኸችውም እኔ ነኝ፤ የኔንም ስም አስገቢው።» ነርሷ ጻፈች፤ ሁለቱንም።

ሰኞ ዶክተሩ ወረቀቱን አንብቦ፣ አዛውንቱን አነጋግሮ፣ ክኒን ሳያዝ ሄደ። ለኔ ግን ደብዳቤ ደረሰኝ። በተጧሪዎች ፊት ስለጮኽኩ ማዘኔን ገልጬ፣ ሁለተኛ እንዳይለምደኝ እንድፈርም ይጠይቃል። ነርሷ ቢሮ ገብቼ ሻዩን ስለደፋሁ ይቅርታ ጠየቅኩ። ምንጣፉን ራሴ አጥቤዋለሁ። ስለ ዳኛው ግን አላዘንኩም፤ አልፈርምም አልኳት። ደብዳቤው እስካሁን ሳይፈረም ፋይሌ ውስጥ አለ። ያባርሩኝ እንደሆነ ያባርሩኝ።

ቻርቱ አሁንም በየቅዳሜው ይሞላል። የምሞላው እኔ ነኝ፤ «የለም» የሚል ቃል ጽፌበት አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ሳጥኑ ስላልበቃኝ ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ቀጠልኩ። አዛውንቱ አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና አነበብኩላቸው፤ የዳኛውን ጥፋት ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው። ስሜን ሊጠሩ ፈልገው አጡት፤ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«አራተኛውን ረስተሻል» አሉኝ።

ጻፍኩት።