በአጥሩ ሥር የከመርኩት ኮምፖስት

የግብርና ባለሙያ ሆኜ ኮኪት የምትባል የቆላ ከተማ ስመደብ ከሰው የተጣላሁ ይመስል ብቻዬን ነበርኩ። የሰሊጥ አጨዳ ሲያልቅ የቀን ሠራተኛው በየመኪናው ተጭኖ ይሄዳል፤ ከተማዋ ጭር ትላለች። ከሥራ ውጭ ወሬ የሚያወራኝ ሰው ጎረቤቴ ብቻ ነበሩ፤ ከጎጃም የመጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ። ከሰዓት በኋላ ደጃቸው ላይ ተቀምጠን ስለ ዝናብ እንጨቃጨቃለን።

ለገበሬው ማሳያ እንዲሆን ብዬ ኮምፖስት የሚባለውን የብስባሽ ማዳበሪያ የሠራሁት በእኔና በእሳቸው ግቢ መካከል ባለው አጥር ሥር ነው። ጥላ አለ፣ ውሃም ቅርብ ነው። የማሽላ አገዳ፣ የሰሊጥ ገለባና የከብት እበት ከመርኩ። በመንሽ ሳገላብጠው ውስጡ አመድ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይዞ ይጨሳል። እኔ ሞኙ ደስ ይለኝ ነበር። «ነጩ ከታየ እየበሰለ ነው» ብዬ ገበሬ ሰብስቤ አስተምሬበታለሁ። ነፋሱ ብናኙን ወደ ማን ግቢ እንደሚወስደው ግን አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁም።

ሽማግሌው ማሳል ጀመሩ። «ምን ሆኑ አባባ?» ስላቸው «እርጅና ነው ልጄ፣ ሌላ ምን እሆናለሁ» ይሉኛል። ማመኑ ቀለለኝ። ሲብስባቸው ሸሕዲ ከተማ ወስጄ አሳከምኳቸው። አክታቸው ተመርምሮ ቲቢ አልተገኘም። እሳቸው ውጭ ተቀምጠው ሳለ ሐኪሙ ቤታቸው አጠገብ የሚበሰብስ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ክምሩ በተገላበጠ ቁጥር በዓይን የማይታይ ሻጋታና ተሕዋስያን ከብናኙ ጋር እንደሚነሱ፣ ሲተነፍሷቸው ሳንባን እንደሚያስቆጡ፣ በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ አደገኛ እንደሆነ አስረዳኝ። ኮምፖስት አስተማሪው እኔ ይህን ከሌላ ሰው ሰማሁ። አፈርኩ። ለእሳቸው ትንፍሽ ሳልል ወደ ቤት መለስኳቸው።

ክምሩን ከከተማ ወጣ ወዳለ ማሳ አስወሰድኩት። ግን ዘግይቼ ነበር፤ ልጃቸው መጥታ ወደ ጎንደር ወሰደቻቸው። ግቢያቸው ተቆለፈ። ያን ሰሞን ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት መግባት ያስጠላኝ ስለነበር ያለ ጉዳይ መናኸሪያው አካባቢ እንከራተት ነበር።

ከወር በኋላ ጨክኜ ደወልኩላቸው። ትንፋሻቸው ደህና ሆኗል።

«አባባ፣ ያሳመምኩዎት እኔ ነኝ። ኮምፖስቱ ነው» አልኩ።

«አውቅ ነበር እኮ። አንተ መንሹን ስታነሳ ነበር የሚያፍነኝ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ታፍርና መምጣቱን ትተወዋለህ ብዬ ፈራሁ። ካንተ ሌላ ማን ነበረኝ?»