የእትዬ አስካለን አስተያየት ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ

ዓርብ ንጋት፣ ፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ

ገና ሳይነጋ ጣቢያው ደጅ ተሰልፈናል። ፌስታል፣ ፍራሽ፣ የታሰረ ጀሪካን፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው ፊት። ኤልያስ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ከኋላዬ ቆሟል። ሰው እንዳያውቀው ነው፤ ግን ፈታሹ ሳይቀር አወቀው። በጦርነት ዘመን አገር የመራውን ሰው ሕይወት በሚተርከው አዲሱ ፊልም ላይ መሪውን ሆኖ የተጫወተው እሱ ነው። የመሪውን ስም አልጽፍም። ስሙ ከተነሳ ሰው ፊልሙን ይተውና በስሙ ይጣላል፤ እኔ ደግሞ የተላክሁት የተመልካች አስተያየት እንድለቅም እንጂ ሽማግሌ እንድሆን አይደለም።

ፊልሙ አዲስ አበባ ከታየ ሰንብቷል። ነገ ኤልያስ በተወለደባት ድሬዳዋ ይታያል።

«የሌላውን ሰው አስተያየት ለጋዜጣሽ ጻፊው» አለኝ። «እኔ የምፈልገው የእናቴን ነው።»

እናቱ እትዬ አስካለ ፊልሙን አላዩትም። ያሳደጋቸው፣ በላቸው የሚባል ታላቅ ወንድማቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ያ መሪ ባወጀው ዘመቻ ሄዶ አልተመለሰም።

ረፋድ፣ ባቡሩ ውስጥ

አዳማን አለፍን። ጥቁር ድንጋይ፣ ግራር፣ ግመል፣ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ። ከፊታችን አንድ ጡረታ የወጡ ወታደርና አንዲት የነርስነት ተማሪ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ኤልያስን ብዙ አዩት።

«አንተ ነህ አይደል? ሰውየውን አሳመርከው፤ እኔ የማውቀው እንዲህ አልነበረም።»

«አባባ፣ እኔን ግን የኮሌታውን ቁልፍ የሚፈታባት ቦታ አስለቅሳኛለች» አለች ልጅቱ። ወጣቶቹን ወደ ግንባር የሚልከውን ትእዛዝ ሊፈርም ሲል ነው፤ መሪው ቁልፉን ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል፣ ከዚያ ይፈርማል። «ሰው መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።»

«እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሰው መሆኑ ለጓደኞቼ ምን ጠቀማቸው?»

ኤልያስ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። አሳዘነኝ፤ ሽማግሌው ግን ልክ ናቸው ብዬ አሰብሁ።

ከሰዓት፣ ድሬዳዋ

ከባቡሩ ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ባጃጅ ነጂው ኤልያስን አይቶ ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ተሟገተ።

«ዋሪያ፣ አንተን አስከፍዬ ሰፈር ልግባ? ወላሂ አልቀበልም!»

ደቻቱን በድልድዩ ስንሻገር ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነበር። ኤልያስ በጣቱ ወደ ታች አሳየኝ። «የድሮ ቤታችን እዚያ ነበር። ጎርፉ የአጎቴን የበላቸውን ፎቶ ሁሉ ወሰደው። አንድ እንኳን አልተረፈም።»

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ጠበቁን። ልጃቸውን ደጋግመው ሳሙት፣ እኔን «ልጄ፣ ግቢ» አሉኝ፣ ሩዝና ሥጋ አቀረቡ። ስለ ፊልሙ ግን ቃል አልወጣቸውም።

«እማ፣ ነገ ትመጫለሽ?»

«እስቲ መጀመሪያ ብላ።»

ቅዳሜ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ፊልም ቤት

መጡ። ነጠላቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። አዳራሹ ሞልቶ የቆመም አለ። የቁልፏ ቦታ ስትደርስ ወደ እሳቸው ዞርሁ፤ እጃቸው የራሳቸውን አንገት ይዞ ቀርቷል።

ሲያልቅ ደጅ ላይ ሥራዬን ጀመርሁ። አንድ ነጋዴ «ታሪካችን በወግ ተነገረ» አለኝ። አንዲት አስተማሪ «ከሞቱት ልጆች የአንዱ ስም እንኳን ለምን አልተጠራም?» አለችኝ። የትናንቱ ባጃጅ ነጂም ነበር፤ «አቦ፣ ቁልፏ ጋ ሰውየው አንጀቴን በላው!» አለ። ሁሉም ቁልፏን ያነሳል። እትዬ አስካለ አጠገባችን ቆመው ሰሙት።

«እግሬን አሞኛል፤ ቤት አድርሱኝ» አሉ።

እሑድ ጠዋት፣ የእትዬ አስካለ ቤት

ቁርስ ፈትራ በማር ነው። የእኔ ሻንጣ በር ላይ ነው፤ ኤልያስ ይቆያል። እትዬ አስካለ ሻዩን ቀድተው ሲጨርሱ ተቀመጡ።

«ያንን እጅ ከየት አመጣኸው?»

ኤልያስ የቱን እጅ ብሎ አልጠየቀም። «ካንቺ ነው እማ። ልጅ ሆነን ‹ወንድሜ ሲጨንቀው እንዲህ ያደርግ ነበር› እያልሽ ታሳዪን ነበር። ሰው እንዲያምነኝ ፈልጌ ነው።»

«አመነህ። አገር ሁሉ አዘነለት።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ወንድሜ የሄደ ቀን ጣቢያው ላይ ሳለቅስበት ነው እንዲህ ያደረገው። ፈታ፣ ቆለፈ፣ ‹አስኬ፣ ቤት ግቢ› አለኝ። አንተ ያንን ወስደህ ለላከው ሰው ሰጠኸው።»

እዚያ መገኘቴ አሳፈረኝ። ውጭ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ፤ ወደ ጣቢያ የሚወስደኝ ነው። ማንም አልተነሳም።

«ፊልሙ ስልክህ ላይ አለ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«አለ።»

«ድምፁን አጥፋና አምጣው።»

የቁልፏን ቦታ ፈልጎ ሰጣቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አውራ ጣታቸውን በመሪው ፊት ላይ አሳረፉ። ከጣታቸው ሥር አንድ ኮሌታና ሁለት እጅ ብቻ ይታይ ነበር። እጁ ፈታ፤ እጁ ቆለፈ።

«ድገመው» አሉት።