አብዬ ይመር ለማን ያወሩ ነበር

ልጅ ሳለሁ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ የሚመጣ እንግዳ ከሚኒባስ ወርዶ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ «እዚህ ምን የሚታይ አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የባጃጅ ሾፌሮቹ መልስ አያጡም። «ውሃው አለ፣ ዓሣ አለ፣ አብዬ ይመር አሉ» ይሉና ወደ ዳርቻው ይዘውት ይወርዳሉ። እዚያ እናቴ በቆርቆሮ ከተሠራች ጎጆ ፊት ቆሮሶ ዓሣ ትጠብሳለች፤ ጎረቤታችን አብዬ ይመር ደግሞ እንግዳውን በጀልባቸው አሳፍረው ውሃውን ያዞሩታል። ከውሃው ዳር ያለውን ገዳም ከሩቅ ያሳዩታል፣ የአምባሰልን ገደል በመቅዘፊያቸው ጫፍ ይጠቁሙታል፣ ወፎቹን በየስማቸው ይጠሩለታል። ሲመለስ ዓሣው ደርሶ ይጠብቀዋል። ከተማችን ለእንግዳ የነበራት ይኸው ነበር።

ለእኛ ለልጆቹ ግን ምሽቱ ነበረን። የእነ አብዬ ይመር ቤት ከእናቴ ጎጆ ጀርባ ነው፤ እኛ እስላሞች፣ እነሱ ክርስቲያኖች፣ በመካከላችን አንድ የተንጋደደ የቁልቋል አጥር ብቻ። ባለቤታቸው እትዬ የሺ የስኳር በሽታ እግራቸውን አዳክሞባቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ አልጋቸው ከመስኮቱ ሥር ነበር። እንግዶቹ ሄደው ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ አብዬ ይመር ከእናቴ ምድጃ የተረፈውን ፍም በአሮጌ ቆርቆሮ ዝቀው ከዚያ መስኮት አጠገብ ያፈሱታል፤ ጥቂት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ይጨምሩበትና ይቀመጣሉ። ያኔ እኛ ጢሱ ዓይናችንን እየለበለበን፣ የዘይቱ ሽታ ከልብሳችን ሳይለቅ፣ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለው ፋኖስ የአብዬ ይመርን ግማሽ ፊት ብቻ እያበራልን፣ ጉልበታችንን አቅፈን እንሰማ ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚያወሩልን የሁለት እህትማማች ሐይቆችን ተረት ነው። ታላቂቱ አርዲቦ ትባላለች፣ ከላይ ከደጋው ትኖራለች፤ ታናሺቱ ሐይቅ ናት፣ ወደ ታች ተድራለች። ለእንግዳ ሲሆን ተረቱ አጭር ነው፤ ታላቂቱ ለታናሺቱ ውሃ ታወርድላታለች፣ ይኸው እስከ ዛሬ ወንዙ ይፈሳል፣ አለቀ። ለእኛ ሲሆን ግን ረጅምና የሚያሳዝን ነበር። አዝመራው ሲገባ እንገናኝ ተባብለው፣ አንደኛዋ እመጣለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበር፤ አዝመራው ሳይገባ ድርቅ ገባ። ታላቂቱ ያላትን ውሃ ሁሉ ወደ እህቷ ለቅቃ፣ እሷ ለመውረድ አቅም አጥታ እዚያው ቀረች።

«ታላቂቱም እመጣለሁ ብላ ቃል ገባች...» ሲሉ ከመስኮቱ ውስጥ ድምፅ ይመጣል።

«አይደለም! ቃል የገባችው ታናሺቱ ናት። አንተ ሰው፣ ዛሬም ታበላሸዋለህ?»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪያቸው።»

«አይ፣ አንተው ጨርሰው። ብቻ አስተካክለህ።»

እኛ እንስቃለን። አብዬ ይመር ራሳቸውን እየነቀነቁ ከመጀመሪያው ይጀምሩታል።

የለውጡ ጊዜ ሲመጣ እንግዳው በዛ። ወጣቶች ባንዲራ ለብሰው ከደሴ በመኪና ይመጣሉ፣ ዳርቻው ላይ ይጨፍራሉ፤ ስብሰባ ላይ ወደ ዳርቻው የሚወርደው መንገድ አስፋልት ይሆናል፣ ሎጅ ይሠራል ተባለ። እናቴ አግዳሚ ወንበር ጨመረች። አብዬ ይመር ጀልባቸውን ሰማያዊ ቀለም ቀቧት። ቀለሙ ሳይደበዝዝ እንግዳው ሳሳ፤ ቀጥሎም በወልድያ መንገድ ሌላ ዓይነት እንግዳ ይወርድ ጀመር። ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ሕፃን ያዘለ። እነዚህ ስለሚታይ ነገር አልጠየቁም። «እዚህ የሚታደርበት አለ?» ነበር የሚሉት። እናቴ አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ውስጥ አስገብታ አልጋ አደረገቻቸው።

አንድ ጠዋት የጦርነቱ ተኩስ ከተራራው ወዲህ ተሰማ። አባቴ ሚኒባስ ነጂ ነበር፤ ወደ ደሴ እንደሄደ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። ዋናው መንገድ በሰው ተጨናንቆ መንቀሳቀሻ አልነበረውም። አብዬ ይመር አጥሩን ገፍተው ገቡና፣ «ልጆቹን አንሺ። ወዲያ ማዶ ላድርሳችሁ፣ ከዚያ ወደ አርዲቦ መንደሮች ውጡ» አሏት እናቴን።

«እትዬ የሺስ?» አለች እናቴ።

«ዳገቱን በምን ትወጣዋለች?»

«ቃሬዛ ሠርተን እንሸከማቸዋለን እንጂ! እንዴት ጥለናቸው እንሄዳለን?»

መልሱ የመጣው ከመስኮቱ ነው። «ሕፃን ያዘለች ሴት ናት እኔን የምትሸከመው? ሂዱ ልጆቼ። ይመር፣ ልጆቹ ውሃው ላይ እንዳይፈሩ አውራላቸው።»

እናቴ እየሮጠች ገብታ ሳመቻቸው። ስትወጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር።

ጀልባዋ ውስጥ እናቴ፣ ጀርባዋ ላይ ያለችው ሕፃን እህቴ፣ እኔና የጎረቤት ልጆች ተጨናንቀን ተቀመጥን። ከበስተኋላችን ተኩሱ ሲንጣጣ ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ። አብዬ ይመር እየቀዘፉ ያንን ተረት ጀመሩት። ድርቁን አወሩ፣ መለያየቱን አወሩ፤ «እመጣለሁ ብላ ቃል ገባች» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መቅዘፊያውን ከውሃው አውጥተው እንደሚጠብቁ ሰው ወደ ኋላችን አዳመጡ። ያረማቸው የለም። እኔ ቃል የገባችው ማን እንደሆነች አውቅ ነበር፤ ግን እኔም አብሬያቸው ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ ተረቱን ትተው እስክንደርስ ቀዘፉ።

ማዶ ስንወርድ እናቴ እጃቸውን ይዛ፣ «አብዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይመለሱ» አለቻቸው።

«መርፌዋን የምወጋት እኔ ነኝ» አሉና ጀልባዋን ወደ ኋላ ገፉ።

ከአርዲቦ በላይ ካለ መንደር አንድ ገበሬ ተቀብሎን በጎተራው ጥግ አስጠጋን። ከዚያ ሆነን የሐይቅን ውሃ ቁልቁል እናያለን፤ ቀን ቀን እንደ ወትሮው ያብረቀርቃል፣ ጢስ ግን ከከተማው በኩል አይጠፋም ነበር። ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች ለቀው ወጡ ሲባል፣ ብርዱ ጠንክሮ ሳለ፣ በእግራችን ተመለስን። የሱቆቹ በሮች ተገንጥለዋል። የእናቴ ጎጆ ቆርቆሮዋ ተገፎ እንጨቷ ብቻ ቆሟል። ሰማያዊዋ ጀልባ ዳርቻው ላይ ሆዷ ተሰብሮ ተገልብጣለች። አብዬ ይመር ከቤታቸው ደጃፍ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር።

እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። መድኃኒቱ አልቆ ነበር። መድኃኒት ቤቱ ተዘርፎ፣ ጤና ጣቢያው ባዶውን ሆኖ፣ አብዬ ይመር በየደጃፉ «ስኳር ያለበት ሰው አለ?» እያሉ ለምነው ነበር። ያገኙት ነገር የለም።

«መጨረሻ ላይ ውሃ ጠማኝ፣ ውሃ ጠማኝ ትል ነበር» አሉ። «ባጠጣት ባጠጣት አልረካ አለች። ይሄን ሁሉ ውሃ ደጇ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ጠማት ሄደች።»

እትዬ የሺን የቀበሯቸው አንድ ቄስና መሸሽ ያልቻሉ ጥቂት ሽማግሌዎች ነበሩ። ተኩስ ስለነበር ለቅሶ እንኳ አልተለቀሰላቸውም፤ አፈሩን መልሰው ፈጥነው ተበተኑ።

ሰላም ሲሆን አባቴ ከደሴ ተመለሰ፤ እንግዳም ጥቂት ጥቂት መምጣት ጀመረ። አናጢ ጀልባዋን ጠገነላቸው፤ አብዬ ይመርም ይቀዝፋሉ። ግን ስለ ሐይቁ ንገሩን ሲሏቸው «ውሃ ነው፤ እዩት» ብቻ ይሉ ነበር። አንድ ምሽት እኔ ራሴ ፍም ሰብስቤ ከመስኮቱ ሥር አነደድኩ፣ የጎረቤት ልጆችን ጠራሁ። አብዬ ይመር እሳቱን ትክ ብለው አዩት።

«አብዬ፣ ያውሩልን እንጂ።»

«ለማን?»

«ለእኛ ነዋ።»

ፍሙን በጭራሮ ቆሰቆሱት። «ሐያት ልጄ፣ ለእናንተ እኮ አልነበረም» አሉኝ በመጨረሻ። ተነሥተው ገቡ።

ያኔ ነው የገባኝ። ቀኑን ሙሉ ከጣሪያ በቀር ሌላ ለማያዩ ሴት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እያወቁ እየተሳሳቱ ያወሩ ነበር። እኛ እሳቱን ስላየን ለእኛ የነደደ መስሎን ነበር።

በዓመቱ ኮምቦልቻ ያገባችው ልጃቸው ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው። ሞታቸውን የሰማነው ብዙም ሳይቆይ ነው፤ አስከሬናቸው ግን ከእትዬ የሺ ጎን ሊቀበር ወደ ሐይቅ መጣ። መቃብሩን የቆፈሩት የእኛ ሰፈር የእስላም ወጣቶች ናቸው። መንገዱ በሰው ሞላ፤ ባጃጆቹ ሥራ አቁመው ከኋላ ተከተሉ። አልቃሾቹ «ይመር፣ ይመር» እያሉ ደረት ሲመቱ፣ እናቴ ከሴቶቹ መሐል ወደ ፊት ወጣችና «የሺዬ!» ብላ ጮኸች። አልቃሾቹ ዞረው አዩአት። ከዚያ አንዲት አሮጊት ተቀበለቻት፣ ሌላዋም ቀጠለች፣ ብዙም ሳይቆይ ያ ሁሉ ሕዝብ ሳይለቀስላቸው የተቀበሩትን ሴት በስማቸው እየጠራ ያለቅስ ነበር።

ተረቶቹ ዛሬ ከአእምሮዬ እየደበዘዙ ነው፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ይጠፋኛል። ያ ከሰዓት በኋላ ግን አልጠፋኝም። ሐይቅ ከተማ ቆማ፣ ዘግይታም ቢሆን፣ እትዬ የሺን ስትቀብር አይቻለሁ።