ሁለት ጎረቤት

ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በቀድሞው ሲኒማ አዳራሽ ነው። ጣሪያውን ጥይት ስለበሳሳው፣ ዝናብ ሲመጣ የተከበሩት እንደራሴዎች ዣንጥላ ዘርግተው ድምፅ ይሰጣሉ። ከላይ፣ ድሮ የፊልም ማጫወቻው ቆሞባት በነበረችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሕግ አርቃቂው ይቀመጣል። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ሕግ የሚጽፍ ሰው ተፈልጎ ጠፋ፤ የተማረው ወይ ሞቷል ወይ ተሰዷል። እሱ የሰዋስው መምህር ነበር። ዓረፍተ ነገር ማሰካካት የሚችል ሰው ሕግም አያቅተውም ተባለና ተሾመ። ባልደረቦቹ “አንቀጽ” ይሉታል፤ ሻይ ትጠጣለህ ወይ ሲሉት እንኳ “በመርህ ደረጃ” ብሎ ነው የሚጀምረው።

የቤት ማስመለሻው ሕግ የመጣው በጥድፊያ ነው። ተፈናቃዩ እየተመለሰ ነው፣ በየቤቱ ሌላ ሰው ገብቷል፣ የይዞታ መዝገቡም በጦርነቱ ተቃጥሏል። እንደራሴዎቹ ከእረፍት በፊት እናጽድቀው ብለው ወጥረው ያዙት። እሱም አርቃቂ ሲቸኩል የሚያደርገውን አደረገ፤ የውጭ አማካሪዎች ትተውለት ከሄዱት ጥራዝ የሌላ አገር ሕግ መዞ፣ የአገር ስም ለውጦ፣ ቋንቋውን አሳምሮ አቀረበ። ሰነድ የሌለው ባለቤት ሁለት የቅርብ ጎረቤቶችን በምስክርነት ያቅርብ፣ ዘመድ አይመስክር ይላል። አጭር፣ ግልጽ፣ ለጆሮ የሚጥም አንቀጽ። እንደራሴዎቹ አጨበጨቡ። እሱም፣ ለምን ይዋሻል፣ ደረቱን ነፋ አደረገ።

ያ ሕግ መጀመሪያ በተጻፈበት አገር ግን ሰው ያፈናቀለው ጎርፍ ነበር። ጎርፉ ቤትና ወረቀት ወሰደ እንጂ ጎረቤትን ከነቤተሰቡ አልፈጀም።

ያሳደገችው አክስቱ ከስደት ተመልሳ እሱ ዘንድ ነው ያረፈችው። ቤቷ አለ፣ አልፈረሰም፤ አንድ የማታውቀው ነጋዴ ገብቶበት በሩን ሰማያዊ ቀብቶታል። በየጠዋቱ ወደ ቤት አስመላሹ ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትመለሳለች። ለሰልፈኛው ሁሉ የኔ ልጅ ምክር ቤት ነው የሚሠራው እያለች ታወራለች። ሥራው ለእንደራሴዎቹ ወረቀት ማደል ይመስላታል፤ እሱም አላረማትም።

አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ ገባች። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ በዚህ ወር ሁለት ጎረቤት ካላመጣሽ ፋይልሽ ይዘጋል፣ ቤቱም ለነጋዴው ይጸናል ብሏታል። የሰፈሩ ሰው ያለቀው በአንድ ጠዋት ነው። እሷ የተረፈችው ገበያ ሄዳ ስለነበር ነው። ይህን እሱ ያውቃል፤ ያኔ ከተማ ሆኖ መርዶውን ሲሰማ ግድግዳ ተደግፎ አልቅሷል። ብዕር ሲያነሳ ያ ሁሉ ማወቅ የት ገብቶ እንደነበር ግን እንጃለት። በራሱ አፈረ።

በማግስቱ ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሄዶ ማሻሻያ እንዲቀርብ ለመነ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደሉም። ገና ቀለሙ ያልደረቀ ሕግ ብንነካካ ሕዝቡ ምን ይለናል፣ ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን አሉት። ትከሻውንም ቸብ ቸብ እያደረጉ፣ “ደግሞስ ማን አንተን ወቀሰህ?” አሉት። ከሁሉም ያንገበገበው ይኼኛው ነው።

ቤት ሲገባ አክስቱ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ተቀምጣለች። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

“አክስቴ፣ የጎረቤቱን ሕግ የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

የሚቀልድባት መስሏት ፈገግ አለች። ፊቱን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። እንድትሰድበው፣ ቢያንስ እንድትቆጣው ጠበቀ፤ ብትቆጣው ይቀለው ነበር።

እሷ ግን እግሯን ከውሃው አውጥታ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

“አንተ ከጻፍከውማ፣ ሁለት ጎረቤት መትረፉን ሳታውቅ አትጽፍም። ልብስ ሰፊው ተርፏል ማለት ነው? ወይስ እናትህን ያዋለደቻት ሴትዮ?” አለችው፣ ዓይኗ በተስፋ እየበራ። “የት ናቸው፣ ልጄ? ውሰደኛ!”