ወለል እያየሁ የመረጥኩት ቦቴ

ኦዛይ ሰፈር ያለው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ መጥረጊያ፣ ባልዲና አንድ ማስጠንቀቂያ ነበር። ማስጠንቀቂያውን የሰጠኝ የፍሳሽ መኪኖቹ ባለቤት ሙዓለም ኒዛር ነው፤ አለቃን ሙዓለም ይሉታል። "ቢሮውን እጠቢ፣ መኪኖቹን አትንኪ" አለኝ። እኔ ግን ዓረብ አገር መጥቼ ባዳሮ ሰፈር ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ የወጣሁ ነኝ፤ የቆሸሸ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ምሳ ሰዓት ላይ ትልቁን ቦቴ በበረኪና አጥቤ ጨረስኩት። ሾፌሩ አቡ ወሊድ መኪናውን ዞሮ ዞሮ አሸተተና "አሁን ደንበኛው መምጣታችንን በምን ያውቃል?" አለ።

ስሜ ዘነበች ነው። ሙዓለም ኒዛር ስሜን መጥራት ሲታክተው ዘይነብ አለኝ፤ በዚያው ጸደቀ። እሑድ በኪራይ አዳራሽ ሃሌሉያ የምለው የጴንጤ ልጅ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዘይነብ ሆኜ ኖርኩ።

ሁለት መኪና ነበረን። አንዱ መጣጩ ነው፤ የሞላ ጉድጓድ ስቦ ወደ ታንከሩ ያስገባል። ሌላው ረጪው ነው፤ በቀጭን ጎማ ቱቦ ውኃ በኃይል ይልካል። ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ብረት ውኃውን ወደ ኋላ ስለሚተፋ፣ ቱቦው ራሱን እየጎተተ መስመሩ ውስጥ ይገባል፤ ቆሻሻው ደግሞ ወደ እኛ ይመጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከታች ገብቶ ሽቅብ ነው የሚሠራው። ሙዓለም ኒዛር ይህን ሊያስረዳኝ መጥረጊያዬን ተቀብሎ ወለሉ ላይ እየገፋ ያሳየኝ ነበር። ከእሱ እጅ የወጣ ጥሩ ጥረጋ ያ ብቻ ነው።

ወደ ስልኩ የገባሁት በደዋዮቹ ምክንያት ነው። አብዛኞቹ ሰው ቤት የሚሠሩ የእኛ አገር ልጆች ነበሩ። መጸዳጃ ቤት ሲገነፍል ማዳሟ ራውሼ፣ ባሕሩ ዳርቻ እየተናፈሰች ነው፤ መጀመሪያ የምታየው ሠራተኛዋ ናት። ልጅቷ ደንግጣ "ማይ፣ ማይ ከቲር!" ትላለች፤ ውኃ፣ ብዙ ውኃ። ሙዓለም ኒዛር "ከየት? ከየት?" እያለ ይጮኻል። አንድ ቀን ኸላስ፣ በቃኝ ብሎ ስልኩን ወረወረልኝ።

በአማርኛ ጠየቅኳት። "እህቴ፣ እናንተ ቤት ብቻ ነው ወይስ የታችኞቹም ጋ? መንገዱ ላይ ያለው ክዳን ደረቅ ነው ወይስ ሞልቷል?" ልጅቷ ተረጋግታ አንድ በአንድ ነገረችኝ። የግቢ ጉድጓድ ከሆነ መጣጩን፣ ሕንፃው በሙሉ ከሆነ ረጪውን እልካለሁ። ወለል የምታጥብ ሰው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ጠይቋት የሚያውቅ ስለሌለ ነው ዝም የምትለው። መኪና መምረጥ የጀመርኩት እንዲህ ነው።

ከከተማው ዳር ያለ አንድ ማዘጋጃ ቤት የጠባብ ሰፈሮቹን መስመር የሚያጸዳለት ድርጅት ፈለገ። ፈተናው የማዘጋጃ ቤቱ ኢንጂነር ፊት አንድ የተዘጋ መስመር ከፍቶ ማሳየት ነበር። ሙዓለም ኒዛር ለዚህ ሥራ አዲስ ቦቴ ሊገዛ ተነሳ። "ዘይነብ፣ ሥራውን ካገኘን ኢቃማሽን በድርጅቱ ስም አወጣልሻለሁ" አለኝ።

ከባዳሮ ከወጣሁ ጀምሮ ኢቃማ የሚሉት መኖሪያ ፈቃድ አልነበረኝም። ኬላ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። እናቴን ለማየት አገር ቤት ብሄድ መመለሻ የለኝም። የሙዓለም ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ እንደሆነ ባውቅም፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ነጋዴው ሁለት ያገለገሉ ቦቴዎች አሳየን። አንዱ ነጭ፣ ግዙፍ፣ መምጠጡንም መርጨቱንም ባንድ ላይ የሚያደርግ ነው። ሁለተኛው ትንሽ፣ ቀለሙ የበሰለ ሽንኩርት የመሰለ ረጪ ነው። ሙዓለም ኒዛር ነጩን ሲያይ ሙሽራ የመጣችለት ነው የመሰለው። "ተመልከቺ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ሁሉንም ይሠራል" አለኝ።

"ሁሉንም ይሠራል፤ ሰፈሩ ውስጥ መግባት ብቻ ነው የማይችለው" አልኩት።

በግምት አልተናገርኩም። ፈተናው የሚሰጥበት ሰፈር የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ አስቴር ክፍል ተከራይታ የምትኖርበት፣ በተመላላሽነትም ቤት የምታጸዳበት ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ መወልወያዬን ይዤ ሄድኩና ስርጡን፣ ጠባቡን የውስጥ መንገድ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በእንጨቱ ለካሁት። በጣም የሚጠበው ቦታ አንድ መወልወያና ሁለት ስንዝር ሆነ። ነጋዴው ጋም መወልወያዬን ይዤ ሄጄ ነበር። ነጩ ሁለት መወልወያ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሽንኩርቱ አንድ መወልወያና አንድ ስንዝር ነው።

ነጋዴው "መኪናውን ልታጥበው ነው?" ብሎ ሳቀ። ሙዓለም ኒዛር ግን አልሳቀም። ነጩን አንዴ ዳበስ አደረገና "እሺ ዘይነብ፣ ትንሹ ይሁን። ካልሆነ ባንቺ አንገት ነው" አለ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት አቡ ወሊድ ሽንኩርቱን ወደ ስርጡ አስገባ። በግራም በቀኝም ግማሽ ግማሽ ስንዝር ተረፈው። ኩራቴ ለከት አጣ። ከዚያ መኪናው ቀጥ አለ።

"ዘይነብ" አለ አቡ ወሊድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "ወደ ላይ አላየሽም?"

ቀና አልኩ። የጄኔሬተር ሽቦዎች ከበረንዳ በረንዳ ተዘርግተው ታንከሩ አናት ላይ ተጋድመዋል። አንድ እርምጃ ቢጨምር የሰፈሩን መብራት ይዞት ይሄዳል። የተዘጋው ክዳን ደግሞ ስርጡ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቱቦው ከቆምንበት አይደርስም። ዕድሜዬን ሙሉ ወለል እያየሁ የኖርኩ ሰው፣ ሰማይ መኖሩን ረስቼው ነበር።

ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራው ኢንጂነር ሰዓቱን አየ። ሙዓለም ኒዛር እኔን አየ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ኢቃማዬ ዓይኔ እያየ ሲሄድ፣ እናቴም አብራ ስትርቅ ታየኝ።

አስቴር ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ምንጣፍ እያራገፈች ነበር። "አስቱ፣ የወለል እጣቢውን የት ነው የምትደፉት?" ብዬ ጮኽኩ።

ወደ ቤት ውስጥ ገልመጥ አለችና "ዝም በይ፣ ማዳሜ አለች" አለችኝ።

"በናትሽ ንገሪኝ፣ ለማንም አልናገርም" አልኳት፣ ሰፈሩ በሙሉ እየሰማ።

ወርዳ በሕንፃው ጀርባ ወሰደችን። ዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ ሰፊው መንገድ ዳር፣ አሮጌ ምንጣፍ ገለጥ ስታደርግ ከሥሩ ሪጋር አለ፤ የፍሳሽ መስመሩን ክዳን እንዲያ ይሉታል። የሕንፃው ልጆች ማዳሞቹ ሳያዩ በማንኪያ እጀታ ፈልቅቀው ባልዲ ይደፉበታል። ድሮ የሚደፉት ስርጡ ውስጥ ባለው ክዳን ነበር፤ እሱ እንቢ ሲል ነው ወደዚህ የዞሩት። ይኼኛው ደረቅ ነው። አቡ ወሊድ ጎንበስ ብሎ አየና "ከታች ነን። ያላ፣ እንነሳ፣ መግባት የነበረብን መጀመሪያውኑ በዚህ ነው" አለ።

መኪናውን አዙሮ አመጣው። ቱቦው ራሱን እየጎተተ ሽቅብ ገባ፣ ጥቂት ቆመ፣ ከዚያ መስመሩ አጉረመረመና የተጠራቀመው ሁሉ ወደ እኛ ወረደ። አብሮ ሰባት የመወልወያ ጨርቅ ወጣ።

ኢንጂነሩ ጨርቆቹን ትኩር ብሎ አያቸውና "ይህ ከየት መጣ?" አለ። አስቴር ሰማይ ሰማዩን ታያለች። "ከላይ" አልኩት። ሄዶ የስርጡን ክዳን አስከፈተ፤ ውኃው ወርዷል። ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ስንመለስ መኪናውን የሚነዳው ሙዓለም ኒዛር ወደ እኔ ዞር አለ። "ዘይነብ፣ ዳቦ ቤቱ ጓሮ እኮ ነጩም ይገባ ነበር" አለ።

"የዳቦ ቤቱን የጥላ ሸራ ይቀደው ነበር" አልኩት።

አይነካውም ነበር። ለሙዓለም ኒዛር እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ እናንተ ስልኩን ከእኔ የተረከባችሁ ልጆችም እንዳትነግሩት።

ላሟ ግን ከሰማይ ወረደች፤ ሙዓለም ቃሉን ጠበቀ። ኢቃማዬን በያዝኩ ማግስት ሆነ ብዬ ኬላ ባለበት መንገድ ሄድኩ። ወታደሩ ሳይጠይቀኝ አውጥቼ ዘረጋሁለት። ሳያየው "ሂጂ፣ ሂጂ" አለኝ። ስንት ዓመት የፈራሁት ሰውዬ፣ ምናለ ስሜን እንኳ ቢያነብልኝ? ዘነበች ነው የሚለው።

በዚያው ዓመት እናቴን አይቻት ተመለስኩ። "ምን ትሠሪያለሽ?" ስትለኝ "የፍሳሽ መኪና እመርጣለሁ" አልኳት። "ሰው አጥተው ነው?" አለችኝ። ተቃቅፈን ሳቅን፤ ከዚያ አለቀስን።

ለእናንተ የምለው ይህን ነው። መኪና ከመምረጣችሁ በፊት ክዳኑ የት እንዳለ እወቁ። የሚያውቁት ወለል የሚያጥቡት ናቸው፤ እነሱን ጠይቁ። ከዚያ ቀና ብላችሁ ሽቦውን እዩ።