ከብሬዴንግ እስከ ሶለንቱና የተሸከምኩት ድንጋይ

ባለፈው ማክሰኞ ኪስታ ባለው መሥሪያ ቤታችን ምሳ ስንበላ ማሪሴል ስልኳን አውጥታ የልጇን ፎቶግራፍ አሳየችኝ። ማሪሴል ፊሊፒናዊት ናት፤ አብረን ስንሠራ ስድስት ዓመት ሆነን። ልጇ እዚሁ ስቶክሆልም ተወልዶ ያደገ፣ በር የሚሞላ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነው። ዘንድሮ ውጭ አገር ላደጉ የፊሊፒን ወጣቶች የተዘጋጀ የአመራርና የባህል ትምህርት ለመከታተል ማኒላ ሄዷል። በፎቶው ላይ ያን ሁሉ ቁመቱን አጉብጦ የአንዲት አሮጊት እጅ ግንባሩ ላይ ሲያስነካ ይታያል። በእነሱ ዘንድ ለትልቅ ሰው ሰላምታ የሚሰጠው እንዲህ ነው አለችኝ። «እዚህ እያለ እኮ ለእኔ እንኳ ከስልኩ ቀና ብሎ ሰላም አይለኝም ነበር» ብላ እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች።

«እናንተስ እንዲህ ያለ ነገር አላችሁ?» ስትለኝ «ነበረን» አልኳት። ከምሳ ሰዓታችን የቀረው አሥር ደቂቃ ነው። የእኔ ታሪክ በአሥር ደቂቃ አያልቅም፤ በስዊድንኛ ከተነገረ ደግሞ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ብሬዴንግ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካሉት የኪራይ ሕንፃዎች በአንዱ ነው። እናቴ በአማርኛ ትጠራኛለች፣ እኔ በስዊድንኛ እመልሳለሁ፤ የጓደኞቼም ቤት ከዚህ የተለየ አልነበረም። የዚያን ዓመት በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ትልልቅ ሰዎች ተሰባስበው እኛን ልጆቹን ሊያሠለጥኑን ወሰኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሹን ቀን አመራር፣ ግማሹን ቀን ባህል እንማራለን፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ሦስት ሳምንት ኢትዮጵያ እንሄዳለን። አሥራ ሁለት ልጆች ተመዘገብን። ከመካከላችን አገሩን አይቶ የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

አመራሩን የሚያስተምረን አንድ ትሑት ስዊድናዊ ነበር። ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ፣ አጀንዳ እንዴት እንደሚወጣ፣ ለተናጋሪ ሁሉ እኩል ጊዜ እንዴት እንደሚሰጥ አሳየን። እኔ ድሮም ሥርዓት የምወድ፣ እንዲያውም ሰው የማሰለች ልጅ ነኝና ትምህርቱን እንደ ማር ላስኩት። ባህሉን የሚያስተምሩን ደግሞ ጋሽ በዛብህ ነበሩ። አገር ቤት መምህር፣ ስቶክሆልም የአውቶቡስ ሹፌር ሆነው የኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከሶለንቱና ከተማውን አቋርጠው፣ ሁለት ባቡር ቀይረው ይመጡልናል። ወደ ኢትዮጵያም ይዘውን የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። እናቶቻችን እሺ ያሉት ለማኅበሩ ብለው አልነበረም፤ «ጋሽ በዛብህ ካሉበት ይሂዱ» ብለው ነው።

ሰኔ ላይ፣ አንድ እሑድ ቀትር፣ ወላጆች የሚፈርሙበት የመጨረሻው ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባውን የምመራው እኔ ነበርኩ። የአዳራሹ መስኮቶች ተከፍተው የሊላክ አበባ ሽታ ይገባል፤ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሽሮው፣ ጥቅል ጎመኑና የወቅቱ እንጆሪ ጎን ለጎን ተደርድሯል። አጀንዳውን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌያለሁ። አንደኛው ተራ «መክፈቻና ምርቃት» ይላል፤ አጠገቡ «ሁለት ደቂቃ» ብዬበታለሁ። ጓደኛዬ ሮቤል ከእናቴ ማድቤት ያመጣሁትን፣ የእንቁላል መቀቀያ ጊዜ የሚለካውን ቀይ ሰዓት ይዞ ከጎኔ ተቀምጧል። አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ጋሽ በዛብህ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። እናቶች መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ልጆቼ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ።»

«አሜን!»

«እንቅፋት አይምታችሁ፣ ክፉ ሰው አይግጠማችሁ።»

ኦርቶዶክሱ «አሜን»፣ ሙስሊሙ «አሚን» እያለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። እሳቸው ረጋ ብለው አውሮፕላኑን መረቁ፣ አብራሪውን መረቁ፣ የምናርፍበትን ቤትና የምንጠጣውን ውኃ መረቁ። ልክ ወደ መመለሻችን ሲዞሩ ሮቤል እጅ ላይ ያለው ሰዓት ጮኸ።

«ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃው ሞልቷል፤ ይበቃል። ወደ ሁለተኛው ተራ እንለፍ» አልኩ። ያውም ፈገግ ብዬ፣ በአማርኛ መናገሬ እያኮራኝ!

የተዘረጉት መዳፎች እንደተዘረጉ ቀሩ። ጋሽ በዛብህ አንድ ጊዜ አዩኝና «ይቅርታ ልጄ፣ አበዛሁ መሰለኝ» ብለው ተቀመጡ። ስብሰባው እስኪያልቅ በትዕግሥት ቆዩ፤ ምግብ ግን ሳይቀምሱ ወጡ። እኔ አጀንዳዬን በሰዓቱ ጨርሼ ዞር ስል ወላጆች የፊርማው ወረቀት ላይ ተሰብስበዋል። የሚፈርሙ መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን የልጆቻቸውን ስም እየሰረዙ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ሰራዥ ደግሞ የገዛ እናቴ ናት።

«ምን ሆነሽ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ሂዱ ብለው መርቀው በሰላም ይመልሳችሁ ሳይሉ አፋቸውን አስያዝሻቸው! ልጄን እንዲህ አድርጌ አውሮፕላን ላይ አልሰቅልም።»

ሰባት ስም ተሰረዘ። ከአሥር ሰው በታች ከሆንን ጉዞው እንደሚቀር ቀድሞ ተነግሮናል፤ የመንገደኞቹም ዝርዝር ለትኬት ቢሮው የሚሰጠው ዓርብ ነው። በማግስቱ ደግሞ ጋሽ በዛብህ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መሄድ እንደማይችሉ ላኩብን። አሥራ አንድ ልጆች ሙሉ ጸደይ የጠበቁትን መንገድ እኔ በአንድ ቃል ዘጋሁት። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ካለቀስኩ በኋላ ስልክ ደወልኩላቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ። «ኧረ ምንም አይደል ልጄ፤ እኔ አልተቀየምኩም» አሉኝ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። እኔም አመንኳቸው። ሮቤል ጋ ሮጬ «አለቀ፣ ምንም አልተቀየሙም!» አልኩት፤ እሱም አመነኝ። ሁለታችንም ሰው አልተቀየምኩም ካለ አልተቀየመም ብለን ያደግን ልጆች ነን።

ማክሰኞ ከሰዓት እትዬ ከድጃን ብሬዴንግ ጣቢያ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ አረጋውያን ቤት ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ በዛብህን ያግዙ ነበር። ከሥራ ወጥተው ጫማቸውን አላልተው ቆሎ ይቆረጥማሉ። የስልኩን ነገር ስነግራቸው ቆሎው ትን እስኪላቸው ሳቁ።

«አልተቀየምኩም ካሉማ በደንብ ተቀይመዋል፣ የኔ ማር! ሰውየውን በሰው ፊት አዋርደሽ በስልክ ይቅርታ? እኛ አገር ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ደጃፍ ድረስ ሄዶ፣ ተንበርክኮ ነው ይቅር በሉኝ የሚል።»

«ስንት ኪሎ ድንጋይ?» አልኳቸው።

እንደገና ሳቁ። የነገሩኝ ለጨዋታ ነበር፤ እኔ ግን የጠየቅኋቸው እውነቴን ነው። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ከሮቤል ጋር ከሠፈራችን በታች ወዳለው ሐይቅ ወረድን። ሮቤል መንደሪን የምታክል ጠጠር አንስቶ «ይህቺ አትበቃም?» አለኝ በስዊድንኛ። እኔ ከውኃው ዳር አንድ ግራጫ ድንጋይ ፈነቀልኩ፤ ስሸከመው ትከሻዬ ጎበጠ። ጣቢያው ስንደርስ የቀሩት አሥሩ ልጆች በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሮቤል ነው የደወለላቸው።

ከብሬዴንግ በቀዩ የባቡር መስመር ከተማ መሀል ድረስ፣ ከዚያ በሌላ ባቡር ወደ ሶለንቱና። የስቶክሆልም ሰው ባቡር ውስጥ ሌላ ሰው አይመለከትም ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን ድንጋይ አንገቷ ላይ የተሸከመችን ልጅ ላለማየት ሁሉም ትንሽ ተቸገረ። አንዲት አሮጊት ብቻ ጎንበስ ብለው «ይከብዳል?» አሉኝ። «በጣም» አልኳቸው። መቀመጫቸውን ለቀቁልኝ፤ ድንጋዩን ሳላወርድ ተቀመጥኩ። ከጣቢያው ሽቅብ ስንወጣ ሁሉም እየተራኮተ «አሁን እኔ ልያዘው» ይለኛል፤ ለማንም አልሰጠሁም። ላቤና ከሐይቁ የያዘው ጭቃ ሸሚዜ ላይ ተደባልቆ ወርዷል።

በሩን የከፈቱት ራሳቸው ጋሽ በዛብህ ናቸው። ሽርጥ አድርገው አዲስ ድንች ይልጡ ነበር መሰለኝ፣ ቢላዋው እጃቸው ላይ ነው፤ የእንስላል ሽታ ከማድቤት ይመጣል። እኔን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ደረጃው ላይ ተደርድረው የቆሙትን አሥራ አንድ ልጆች አዩ። በርከክ አልኩ። ባቡር ውስጥ ስሸመድደው የመጣሁትን ተናገርኩ።

«ጋሽ በዛብህ፣ ምርቃትዎን ቆርጬ በሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ከኋላዬ ሮቤል፣ በአማርኛ መልስ ሰጥቶ የማያውቀው ሮቤል፣ «ሰዓቱን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ እኔንም ይቅር ይበሉኝ» አለ።

ጋሽ በዛብህ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ይህን ካየሁ አርባ ዓመት አልፎኛል» አሉ። «እዚህ አገር አያለሁ ብዬማ አላሰብኩም። ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ። ሁላችሁንም ይቅር ብያለሁ። ጣይው!»

ወለሉን አየሁት። «ጋሼ፣ ብጥለው ንጣፉ ይሰበራል፤ የኪራይ ቤት ነው።»

መጀመሪያ ሳቃቸው ነው የወጣው፣ እንባቸው ተከተለ። ቢላዋቸውን አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከአንገቴ ላይ አነሡና ግድግዳው ሥር አኖሩት። ቀና ስል ሰውነቴ በሙሉ ቀሎኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ የቀለለኝ ቀን አላውቅም። ከዚያም እዚያው ደረጃው ላይ ምርቃቱን ጀመሩት፣ ያውም ካቋረጥኩበት ሳይሆን ከመጀመሪያው። መንገዱን፣ አብራሪውን፣ ቤቱን፣ ውኃውን። አሥራ ሁለት ልጆች «አሜን» ስንል ሕንፃው አስተጋባ። ጎረቤቶች በር እየከፈቱ ወጡ፤ አንዱ ስዊድናዊ ሽማግሌ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እንደ እኛ መዳፋቸውን ዘረጉ። «በሄዳችሁበት እግር በሰላም ይመልሳችሁ!» ሲሉ ልጆቹ እስከ ታችኛው በር የሚሰማ እልልታ አቀለጡት።

ያን ማታ ጋሽ በዛብህ ለሰባቱም እናቶች አንድ በአንድ ደወሉ። ዓርብ አሥራ ሁለቱም ስማችን ዝርዝሩ ላይ ነበር፤ አሥራ ሦስተኛው የእሳቸው ነው። ጉልበታቸውም በተአምር ዳነ። አርላንዳ አየር ማረፊያ ስንደርስ የሁላችንንም ፓስፖርት ከኪሳቸው አውጥተው በእናቶቻችን ፊት ለእኔ ሰጡኝ። «ያዢ። መሪዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። እናቴ ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አዲስ አበባ በሐምሌ ዝናብ ስትቀበለን የአሥራ ሦስት ሰው ፓስፖርት ጉያዬ ውስጥ ነበር፤ ሦስቱንም ሳምንት አንድም ቀን አልጠፋብኝም።

ዛሬ አርባ ሰው አስተዳድራለሁ። ስለ አመራር የወሰድኩት ሥልጠና ብዙ ነው፤ ይቅር መባልን ያስተማረኝ ግን አልነበረም። ጋሽ በዛብህ ይቅር ብለውኝ ቢያሰናብቱኝ ኖሮ ደግ ሰው ነበሩ ብዬ አልፌው ነበር። ያበላሸሁትን ሥራ መልሰው በእጄ በማስያዛቸው ነው ሰው ያደረጉኝ።

ባለፈው ሐሙስ ኤሪክ የሚባል፣ ሥራ ከጀመረ አራት ወር ያልሞላው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ሰጥቶ የደንበኞቻችንን የስልክ መስመር ለሁለት ሰዓት አቋረጠ። ዓርብ ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። እንቅልፍ ያላየ ፊት ነው። «ዕቃዬን ልሰብስብ?» አለኝ። ተቀመጥ አልኩት። የሆነውን ሁሉ ራሱ እስኪነግረኝ ጠበቅሁ፤ ምንም አልደበቀም። ሲጨርስ የሰኞውን ጥገና ዕቅድ አውጥቼ ፊቱ አኖርኩለት። «ይህን የምትመራው አንተ ነህ» አልኩት። ወረቀቱን አንሥቶ ከክፍሉ የወጣው አንገቱን ቀና አድርጎ ነው።